የመታጠቢያ ቤት አየር ማስወጫ አገጣጠምና የአምራቹ መመሪያ

አድባራትና ገዳማት ለአብነት ተማሪዎች፣ ለእንግዶችና ለሱባኤ ለሚመጡ ምእመናን የገላ መታጠቢያ ክፍሎችን በሚሠሩበት ጊዜ ከሕንፃው ምረቃ በኋላ ቶሎ የሚታየው ችግር እርጥበት ነው። ቀለሙ ዓመት ሳይሞላው ይላጣል፤ በኮርኒሱ ማዕዘን ጥቁር ሻጋታ ይወጣል፤ የእንጨት በር አብጦ አልዘጋም ይላል። መስኮት ያለው ክፍልም ቢሆን በክረምትና በሌሊት መስኮቱ ስለማይከፈት ከዚህ አያመልጥም። መፍትሔው በአብዛኛው አነስተኛ የአየር ማስወጫ ማራገቢያ፣ በገበያ አጠራር ኤግዞስት ፋን፣ መግጠም ነው። የሚፈጀውም ኃይል እጅግ ጥቂት ነው። 15 ዋት የሚወስድ ማራገቢያ በቀን ሁለት ሰዓት ቢሠራ በወር አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም።

ይሁን እንጂ ሥራው ውኃና ኤሌክትሪክ በአንድ ጠባብ ክፍል የሚገናኙበት ነው። ገላው የራሰ፣ ባዶ እግሩን በእርጥብ ወለል ላይ የቆመ ሰው፣ ደረቅ ሆኖ ጫማ ካደረገ ሰው ይልቅ ኤሌክትሪክ በቀላሉ ያልፍበታል። ስለዚህ የዕቃው ትንሽነት ሊያዘናጋን አይገባም። በዚህ ጽሑፍ የሰበካ ጉባኤ አባላትንና አባቶች ካህናትን የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ለማድረግ አላሰብንም፤ ሥራው ፈቃድ ያለው ባለሙያ ድርሻ ነው። ነገር ግን ዕቃውን የሚገዛው፣ ውል የሚዋዋለው፣ ሥራውንም የሚረከበው ኮሚቴው ስለሆነ ምን መጠየቅ እንዳለበት ማወቅ ይኖርበታል።

ከሁሉ አስቀድሞ በካርቶኑ ውስጥ ስለሚገኘው የአምራቹ መመሪያ እንናገር። ይህች ታጥፋ የምትገኝ ወረቀት ብዙ ጊዜ ከማሸጊያው ጋር ትጣላለች። ገንዘብ ያዡ ደረሰኙን በጥንቃቄ ያስቀምጣል፤ መመሪያውን ግን ማንም አያስቀምጠውም። አንድ ምክንያት ቋንቋው ነው፤ በቻይንኛ፣ በቱርክኛ፣ በዐረብኛ ወይም በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሆኖ ይገኛል። ሌላው ምክንያት ሠራተኛው «ፋን ሁሉ አንድ ነው» ብሎ ማመኑ ነው። አንድ አይደለም። አንዱ ማራገቢያ ሁለት ሽቦ ይፈልጋል፣ ሌላው ሦስት፤ አንዱ የመሬት ሽቦ ካልተያያዘለት አደገኛ ነው፣ ሌላው ጨርሶ የመሬት ሽቦ ማሰሪያ የለውም፤ አንዱ ከሻወር በላይ ሊሰቀል ይችላል፣ ሌላው በዚያ ስፍራ የተከለከለ ነው። ድጓ የሚያነብ ተማሪ ከፊደሉ በላይ የተጻፉትን ጥቃቅን ምልክቶች ትቶ በፊደሉ ብቻ ቢሄድ ዜማው እንደሚስትበት፣ ገጣሚውም በመመሪያው ሥዕል ላይ ያሉትን ነጠላ ፊደላት ካላስተዋለ ሽቦው ሁሉ ተያይዞ ሥራው ግን የተሳሳተ ይሆናል።

ዕቃው ከመገዛቱ ወይም በስጦታ ከመወሰዱ በፊት በጀርባው የተለጠፈው ጽሑፍ ይነበብ። የአገራችን ኃይል 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ከአውሮፓ የሚመጣ 230 ቮልት፣ 50 ኸርዝ የሚል ዕቃ ያለ ችግር ይሠራል። በአሜሪካ የሚኖሩ ምእመናን ለደብራቸው አስበው የሚልኩት ማራገቢያ ግን አብዛኛውን ጊዜ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ የሚል ነው። ይህ በቀጥታ ከ220 ቮልት ጋር ቢያያዝ ሞተሩ ይቃጠላል፣ እሳትም ሊያስነሣ ይችላል። ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ቢደረግለት እንኳ የኸርዙ ልዩነት ስለማይስተካከል ሞተሩ ከታሰበለት ፍጥነት በታች ይዞራል። በእኛ አስተያየት ለጋሾቹን አመስግኖ በዚያው ገንዘብ እዚሁ እንዲገዛ መጠየቅ ይሻላል፤ የማያገለግል ስጦታ ተቀብሎ መጋዘን ከማስገባት ይህ ለሰጪውም ክብር ነው።

በዚያው ጽሑፍ ላይ በላቲን ፊደል አይ ፒ ተብሎ ቁጥር የተከተለበት ምልክት አለ። ሁለተኛው ቁጥር ዕቃው ውኃን ምን ያህል እንደሚቋቋም ይናገራል። 4 የሚለው ከየትኛውም አቅጣጫ የሚረጭ ውኃን፣ 5 የሚለው ከቱቦ በኃይል የሚወጣ ውኃን ይቋቋማል ማለት ነው። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሪክ ሥራ ደንብ መታጠቢያ ክፍልን ለውኃ ባለው ቅርበት በክልል ይከፋፍለዋል። ከገንዳው ወይም ከሻወሩ በላይ እስከ 2.25 ሜትር ከፍታ ያለውና በጎኑ 60 ሳንቲ ሜትር የሚደርሰው ስፍራ ቢያንስ ቁጥር 4 ያለው ዕቃ ይጠይቃል። ገንዳ ሳይኖረው ውኃው በቀጥታ ወለሉ ላይ የሚወርድበት ሻወር ከሆነ ደግሞ፣ ብዙዎቹ የተማሪ መታጠቢያዎች እንዲህ ናቸው፣ ክልሉ ከውኃው መውጫ ዙሪያ እስከ 1.20 ሜትር ይሰፋል። ብዙ ሰው የሚጠቀምበትና ጽዳቱ በጎማ ውኃ እየተረጨ የሚከናወን ክፍል ቁጥር 5 ያስፈልገዋል። ቦታው ከፈቀደ ማራገቢያውን ከዚህ ክልል ውጭ፣ ከበሩ ራቅ አድርጎ በከፍታ መግጠም ይመረጣል። ማብሪያ ማጥፊያው ግን ምንጊዜም ከክፍሉ ውጭ ይሁን።

አሁን ወደ ሽቦው እንምጣ። ተራው ማራገቢያ ሁለት ሽቦ ብቻ ይፈልጋል፤ ፌዝና ኒውትራል። መብራቱ ሲበራ ይነሣል፣ ሲጠፋ ይቆማል። ችግሩ እንፋሎቱ ሰውየው መብራት አጥፍቶ ከወጣ በኋላም በክፍሉ መቆየቱ ነው። ስለዚህ ለመታጠቢያ ቤት የሚመረጠው ሰዓት ቆጣሪ ያለው ዓይነት ነው፤ መብራቱ ከጠፋ በኋላ በአምራቹ ወሰን ውስጥ ለተመረጡት ደቂቃዎች መሥራቱን ይቀጥላል። ይህ እንዲሆን ሦስት ሽቦ ያስፈልጋል። በማሰሪያው ላይ «ኤል» ከሚለው ፊደል ጋር ሳይቋረጥ ኃይል ያለው ፌዝ ይያያዛል፤ «ኤን» ኒውትራል ነው፤ ሦስተኛው፣ በአንዳንዱ ዕቃ «ቲ» በሌላው ደግሞ «ኤስ ኤል» ተብሎ የሚጻፈው፣ ከመብራቱ ማጥፊያ የሚመጣው ፌዝ ነው። ሦስተኛው ሽቦ ሞተሩን አያሽከረክርም፤ «ሰው ገባ፣ ሰው ወጣ» እያለ ለቆጣሪው ምልክት ይሰጣል እንጂ።

በዚህ ላይ የሚታዩት ስሕተቶች በየሕንፃው ተመሳሳይ ናቸው። ሠራተኛው ከመብራቱ የመጣውን ሁለት ሽቦ ብቻ ካገኘ ኤልንና ቲን በአጭር ሽቦ ያገናኛቸዋል፤ ማራገቢያው ይዞራል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል፣ መብራቱ ሲጠፋ ግን አብሮ ይቆማል። ደብሩ የቆጣሪውን ዋጋ ከፍሎ ቆጣሪ አላገኘም ማለት ነው። ከዚህ የከፋው ሁለቱ ፌዞች ከተለያየ ብሬከር ሲመጡ ነው። ያልተቋረጠው ፌዝ ከሶኬት መስመር፣ ምልክት ሰጪው ከመብራት መስመር ይወሰዳል። ከዓመት በኋላ ሌላ ሠራተኛ ለጥገና መጥቶ አንዱን ብሬከር አጥፍቶ ሽፋኑን ሲከፍት ሌላው ሽቦ ኃይል እንዳለው ይጠብቀዋል። ሁለቱም ከአንድ ብሬከር እንዲመጡ በውሉ ላይ ይጻፍ። እንደዚሁም አምራቾች ሁሉንም ሽቦዎች በአንድ ጊዜ የሚያቋርጥ ማጥፊያ በመስመሩ ላይ እንዲኖር ይጠይቃሉ፤ ለባለ ሦስት ሽቦው ማራገቢያ ሦስቱንም የሚያቋርጥ ማለት ነው። ፌዙን ትቶ ኒውትራሉን ብቻ የሚያቋርጥ ማጥፊያ ማራገቢያውን ያቆመዋል፤ ሽቦው ውስጥ ግን ኃይሉ እንዳለ ነው።

በቀለም ብቻ መተማመን አይገባም። በዛሬው ዓለም አቀፍ ልማድ ቡናማው ፌዝ፣ ሰማያዊው ኒውትራል፣ አረንጓዴና ቢጫው የመሬት ነው። በአሮጌው የእንግሊዝ ልማድ ቀዩ ፌዝ፣ ጥቁሩ ኒውትራል ነበር፤ በአሜሪካ ደግሞ ጥቁሩ ፌዝ ነው። በየጊዜው በተገኘ ሽቦ በተጠገነ አሮጌ ሕንፃ ውስጥ እነዚህ ሁሉ በአንድ ስካቶላ ተገናኝተው ሊገኙ ይችላሉ። ባለሙያው በመለኪያ ለይቶ እንዲያረጋግጥ እንጂ በዓይኑ እንዲፈርድ አንፍቀድለት።

የመሬት ሽቦን በተመለከተ በዕቃው ላይ አንዱ በሌላው ውስጥ ያለ የሁለት አራት ማዕዘን ሥዕል ካለ ዕቃው ድርብ መከላከያ ያለው ስለሆነ የመሬት ሽቦ አይያያዝለትም። በመስመሩ ያለው የመሬት ሽቦ ተቆርጦ ሳይጣል ጫፉ በማያያዣ ታሽጎ ይቀመጥ፤ ነገ የብረት አካል ያለው ዕቃ ሊተካ ይችላልና። ሥዕሉ ከሌለና አካሉ ብረት ከሆነ የመሬት ሽቦው ግዴታ ነው።

ብዙ መመሪያዎች በመስመሩ ላይ 3 አምፔር ፊውዝ እንዲኖር ያዛሉ። «16 አምፔር ብሬከር አለን፣ ይበቃል» የሚል መልስ እንሰማለን። 15 ዋት ማራገቢያ የሚወስደው ከ0.1 አምፔር በታች ነው። ሞተሩ ተጣብቆ መጋል ሲጀምር ትልቁ ብሬከር ምንም አይሰማውም፤ ቀጭኑ ሽቦ ግን ይቃጠላል። ከዚህ በተጨማሪ ኃይል ወደ ሰው ወይም ወደ መሬት ሲያፈተልክ በ30 ሚሊ አምፔር የሚያቋርጥ መከላከያ በብሬከር ሣጥኑ ውስጥ መኖር አለበት። መመሪያው ይህ ሁሉ አስቀድሞ በሕንፃው አለ ብሎ ስለሚጽፍ፣ በእኛ ሕንፃ ከሌለ «በአገራችን አይደረግም» ብሎ ማለፍ ሳይሆን ከማራገቢያው በፊት ማስገባት ነው። በጀቱ ለሁለቱ የማይበቃ ከሆነ መከላከያው ይቅደም፤ እርጥበት ቀለም ያበላሻል እንጂ ወዲያው አይገድልም።

በሥራው ዕለት አንድ ነገር በብርቱ እናሳስባለን። መብራት ስለጠፋ ብቻ ሥራ አይጀመር። በአካባቢው ኃይል በተቋረጠበት ሰዓት «አሁን ይመቻል» ተብሎ ሽቦ የሚነካ ሰው መብራቱ የሚመለስበትን ደቂቃ አያውቅም። ጀነሬተር ያለው ደብር ከሆነ ደግሞ ለጉባኤው ማይክሮፎን ተብሎ ሌላ ሰው ሊያስነሣው ይችላል። ብሬከሩ ይጥፋ፣ «ሰው እየሠራ ነው» የሚል ወረቀት ይለጠፍበት፣ ሣጥኑ ይቆለፍ፣ ቁልፉም በሠራተኛው ኪስ ይሁን፤ ከዚያም ሽቦው ኃይል እንደሌለው በመለኪያ ይረጋገጥ።

ከመመሪያው ዐረፍተ ነገሮች ሁሉ ብዙ ጊዜ ሳይነበብ የሚታለፈው ስለ ጭስ የሚናገረው ነው። ማራገቢያው አየር ሲያስወጣ በምትኩ ሌላ አየር ከአንድ ቦታ መግባት አለበት። በሩ ሥር አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ካልተተወ በሌላ ቀዳዳ ይስባል። በአቅራቢያው በጋዝ የሚሠራ የውኃ ማሞቂያ ወይም ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ካለ በጭስ ማውጫው መውጣት የሚገባውን የተቃጠለ አየር ወደ ቤት ሊመልሰው ይችላል። በውስጡ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ሰውን በእንቅልፉ ይገድላል። የተማሪዎች መኝታ፣ መታጠቢያና ማብሰያ በአንድ ጣራ ሥር በሚሆኑበት ሕንፃ ይህ ሩቅ ሥጋት አይደለም። ከሰል በቤት ውስጥ ማንደድ ከመጀመሪያውም የማይገባ ነው፤ ማራገቢያ ባለበት ቤት ደግሞ በግድግዳ ማዶ ያለውንም ጭስ ወደ መኝታ መሳብ ይመጣል። ስለዚህ ቦታው ሲመረጥ በዙሪያው እሳት የሚነድበት ክፍል መኖሩ በቅድሚያ ይታይ፤ ካለ ለእሳቱ ክፍል ከውጭ የሚገባ የራሱ አየር ይዘጋጅለት፣ ባለሙያውም ማራገቢያው እየሠራ ጭሱ በትክክል መውጣቱን ይፈትን።

ስለ መጠኑ ብዙ አንልም። የክፍሉን ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ አባዝቶ አየሩ በሰዓት ስምንት ጊዜ ያህል እንዲለወጥ ማስላት ነው። 2 በ2 ሜትር ሆኖ 2.5 ሜትር ከፍታ ያለው ክፍል 10 ሜትር ኩብ ስለሆነ በሰዓት 80 ሜትር ኩብ የሚያስወጣ ማራገቢያ ይፈልጋል። በካርቶኑ የተጻፈው ቁጥር ቱቦ ሳይገጠምለት የተለካ ስለሚሆን ጥቂት ከፍ ያለ ይገዛ። ቱቦው አጭርና ቀጥ ያለ ይሁን፣ የተጨማደደ አይሁን፤ ወደ ውጭ በጥቂቱ ያዘንብል፤ እንፋሎቱ ውኃ ሆኖ ወደ ሞተሩ እንዳይመለስ። ጫፉ ከኮርኒስ በላይ ቀርቶ ጣራ ሥር የሚተፋ ከሆነ እንጨቱን ያበሰብሳል። በተለይም ወደ ዕቃ ቤት መስኮት እንዳይዞር ይጠበቅ፤ የብራና መጻሕፍት እርጥበት ሲያገኛቸው ይኮማተራሉ፣ ይሻግታሉም።

ርክክቡ ሲደረግ ኮሚቴው ራሱ ሊፈትን የሚችለው አለ። አንዲት ስስ ወረቀት ወደ ማራገቢያው ወንፊት ስትቀርብ ተስባ መጣበቅ አለባት፤ በሩ ሲዘጋ ከወደቀች ከሥሩ በቂ ክፍተት የለም ማለት ነው። መብራቱ ሲጠፋ ማራገቢያው የተመረጠውን ደቂቃ ያህል መቀጠሉ በሰዓት ይታይ። የ30 ሚሊ አምፔሩ መከላከያ የመፈተኛ ቁልፉ ሲጫን ወዲያው ኃይሉን ማቋረጥ አለበት። የመጨረሻው ክፍያ ከዚህ ፈተና በኋላ፣ መመሪያውና የዋስትና ወረቀቱ ለደብሩ ጽሕፈት ቤት ገቢ ሲሆኑ ይፈጸም። ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ቋንቋውን የሚችል አንዱ የጥንቃቄና የጽዳት ክፍሉን ወደ አማርኛ መልሶ ከመመሪያው ጋር ቢያያይዘው፣ ወንፊቱን የሚያጸዳው ሰው ምን ማጥፋት እንዳለበትና ውኃ እንዳይረጭበት ያውቃል።

መመሪያው አስቀድሞ ጠፍቶ ከሆነ ባለሙያው ኃይሉን አቋርጦ ሽፋኑን በሚከፍትበት ጊዜ በውስጥ የተለጠፈውን ጽሑፍ በስልክ ፎቶ ያንሣ። የአምራቹ ስምና የሞዴሉ ቁጥር ከታወቀ ብዙዎቹ ኩባንያዎች መመሪያቸውን በድረ ገጻቸው በነፃ ያስቀምጣሉ። ጽሑፉ የማይነበብ ከሆነ ወይም ዕቃው ምንም ጽሑፍ ከሌለው ነቅሎ በታወቀ ዕቃ መተካት ነው።