የማይመታውን እግር ተመልከቱ

በሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ «በርታ! ጠንክረህ ምታ!» እያሉ መጮኽ የተለመደ ነው። ይህ ግን ማስተማር አይደለም፤ ልጁ ምኑን እንደሚያበረታ አልተነገረውምና። ለማስተማር ልምምድ የምትወጡ እጩ መምህራን ከመጮኻችሁ በፊት የልጁን እንቅስቃሴ ከዳሌው ጀምራችሁ ተመልከቱ።

ለቡሄ ጅራፍ ያጮኸ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። እጅ ተወንጭፎ ቆም ሲል ፍጥነቱ በገመዱ ተላልፎ ጫፉ ላይ ይጮኻል። ኳስ ሲመታም እንዲሁ ነው። መጀመሪያ ዳሌ ይዞራል፣ ጭን ይከተላል፣ ጉልበት እንደታጠፈ ይቆያል። ከዚያ ጭን ፍጥነቱን ሲቀንስ ከጉልበት በታች ያለው ክፍል ይፈናጠራል። እግር ኳሷን የሚያገኛት በመጨረሻ ነው። ዳሌውን ሳያዞር የሚመታ ልጅ ግማሹን ጅራፍ ጥሎ መጣ ማለት ነው።

እስቲ ሒሳቡን ሰሌዳ ላይ እንሥራው። አዋቂዎች የሚጫወቱባት 5 ቁጥር ኳስ ከ410 እስከ 450 ግራም ትመዝናለች። 430 ግራም የምትመዝን የቆመች ኳስ ተመትታ በሰከንድ 25 ሜትር ፍጥነት ብትነሳ፣ እግርና ኳስ የሚነካኩት ደግሞ ለ0.01 ሰከንድ ያህል ስለሆነ፣ አማካዩ ኃይል 0.43 × 25 ÷ 0.01 = 1,075 ኒውተን ይሆናል። ከ100 ኪሎ በላይ ሸክም መሆኑ ነው! ልጅ ይህን ያህል አይመታም። ቢሆንም የሚመታውን ሁሉ በአንድ አውራ ጣት ከተቀበለው ጣቱ ይጎዳል፤ በባዶ እግር ሲሆንማ አይነሳ። ስለሆነም ቁርጭምጭሚቱን አጠንክሮ፣ ጣቶቹን ወደ ታች ዘርግቶ፣ በእግሩ ጀርባ ይምታ። ለትንንሾቹ 4 ቁጥር ወይም ቀለል ያለች የጨርቅ ኳስ ትበቃለች።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ግን ቆሞ የሚቀረው እግር ነው። ከኳሷ ጎን፣ ጉልበቱ ትንሽ ታጥፎ፣ ጣቶቹ ወደ ዒላማው አይተው ማረፍ አለበት። ወደ ኋላ ርቆ ካረፈ ገላ ወደ ኋላ ይንጋደድና ኳሷ ከአግዳሚው በላይ ትሄዳለች። ልጁም «ጫማዬ ነው» ይላችኋል። ሲንደረደር ከፊት ለፊት ሳይሆን ሰያፍ ይምጣ፤ ዳሌው ለመዞር ቦታ የሚያገኘው ያኔ ነው።

ከመታ በኋላ እግሩ ይቀጥል እንጂ ድንገት አይቁም። ይህ ኳሷን የበለጠ ይገፋታል የሚሉ አሉ፤ ኳሷማ ሄዳለች! ጥቅሙ ለጭኑ የኋላ ጡንቻ ነው፤ ያን ሁሉ ፍጥነት ቀስ በቀስ ያበርደዋል።

ይህን ሁሉ ለማየት ከጎሉ ጀርባ አትቁሙ። ከልጁ ጎን ሦስት አራት እርምጃ ራቅ ብላችሁ ቁሙ፤ የመጀመሪያዎቹን አምስት ምቶች ኳሷ የት እንደደረሰች አትዩ።