ስለ ለምለም ጣራና በእርሱ ላይ ስለሚተከሉ ዕፅዋት

በጣራ ላይ ተክል መትከል ለሚሰማው ሰው ቀልድ ይመስለዋል። ነገር ግን የትግራይን ህድሞ ያየ ሰው አፈር ለቤት ክዳን እንደሚሆን ያውቃል። የኖርዌይ ገበሬዎችም ከጥንት ጀምሮ ቤታቸውን በሣር ይከድኑ ነበር፤ ይኸውም እንደ እኛ ጎጆ የታጨደና የደረቀ ሣር ሳይሆን፥ ከነሥሩና ከነአፈሩ ተቆርጦ የተነሣ ሕያው ሣር ነው። በሳንቃው ላይ በርች የሚባለውን ዛፍ ቅርፊት ውሃ እንዳያሳልፍ ደራርበው ያነጥፋሉ፤ ከዚያም የመጀመሪያውን ሣር ወደ ታች ገልብጠው፥ ሁለተኛውን ወደ ላይ አቅንተው ያኖሩበታል። የላይኛው ሥር ወርዶ ሁለቱን ያያይዛቸዋል።

እንግዲህ ለጣራ ተክል የሚመርጥ ሰው አስቀድሞ የሚመረምረው የአበባውን መልክ ሳይሆን የጣራውን ጉልበት ነው። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር በሆነ ስፍራ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ውሃ ብቻ ቢቆም 100 ኪሎ ይመዝናል፤ ውሃ የጠገበ አፈር ግን ከዚህም ይበልጣል። ይህን ሳያስብ አፈር የጫነ ሰው፥ በክረምት ሌሊት ምሰሶው ተሰብሮ ጣራው በተኙት ልጆች ላይ ቢወርድ ዝናሙን ሊወቅስ አይገባውም።

አፈሩ ስስ ቢሆን ደግሞ በበጋ ፈጥኖ ይደርቃልና፥ ጥማትን የሚችል ተክል ይፈለጋል። ስለዚህ በጀርመንና በሌሎች አገሮች 10 ሳንቲ ሜትር በማይሞላ አፈር ላይ ቅጠሉ ወፍራም የሆነውን ሴዱም ይተክላሉ። የአገራችን እንዳሁላ የዚሁ ቤተ ሰብ ነው። ብዙ ዕፅዋት በቅጠላቸው ያሉትን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ቀን ስለሚከፍቱ ውሃቸው በፀሐይ ይተንናል፤ ሴዱም ግን በድርቅ ጊዜ ቀን ዘግቶ ሌሊት ይከፍታል፤ ለነገው ምግቡ የሚያሻውንም አየር በጨለማ ያከማቻል። አስተማሪው ይህን ለማሳየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። የእንዳሁላና የባቄላ ቅጠል ቆርጦ ጎን ለጎን ቢያኖር፥ የትኛው አስቀድሞ እንደሚጠወልግ ልጆቹ ራሳቸው ይፈርዳሉ።

የሥሩም ነገር አይዘነጋ። ዋርካና ሾላ፥ ወፍ ዘራቸውን በግንብ ስንጥቅ ብትጥለው እንኳ በቅለው ድንጋይ ይከፍላሉ። በጣራ ላይ የታየ የዋርካ ችግኝ በጣት በሚነቀልበት ጊዜ ይነቀል። ዛፍ የግድ ከተፈለገ፥ በአሜሪካ በቺካጎ ማዘጋጃ ቤት ጣራ ላይ በ2001 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር) እንደተፈጸመው ሥራ፥ ምሰሶ ካለበት በላይ በጠለቀ አፈር ይተከል።

የቆርቆሮ ክዳን ግን እርጥብ አፈር ሲጫነው ይዝጋልና፥ ማገሩም አብዛኛውን ጊዜ ቀጭን ነውና፥ ለዚህ ሥራ አይሆንም።