የጎማው አፍ ሲጠብ ሮቶው ቶሎ ይሞላል?

ጥያቄ፦ የውሃ ጎማዬ ጫፍ ላይ ጠባብ አፍ ስገጥምበት ውሃው በኃይል ይወረወራል፤ 2,000 ሊትር የሚይዘው ሮቶዬ ግን ቶሎ አይሞላም። ለምን? የፍሰቱን መጠንስ እንዴት ላስላ?

መልስ፦ ፍጥነትና የፍሰት መጠን ስለሚለያዩ ነው። የፍሰት መጠን የሚገኘው የቀዳዳው ስፋት በውሃው ፍጥነት ሲባዛ ነው። ውሃ እንደ አየር ስለማይታመቅ፣ ፍሰቱ እስካልተለዋወጠ ድረስ በአንዱ ጫፍ በሰከንድ የገባው ያህል በሌላው ይወጣል። ቀዳዳው ሲጠብ የሚፈጥነው ለዚህ ነው።

ለማስላት ባለ 20 ሊትር ጀሪካንና ሰዓት ይበቃዎታል። ጀሪካኑ በ40 ሰከንድ ከሞላ ፍሰቱ በሰከንድ ግማሽ ሊትር ነው፤ ሮቶው በ4,000 ሰከንድ፣ ማለትም በ67 ደቂቃ ገደማ ይሞላል። የጎማው የውስጥ ዲያሜትር 20 ሚሊ ሜትር ቢሆን ስፋቱ 3.14 ካሬ ሴንቲ ሜትር፣ የውሃው ፍጥነት ደግሞ በሰከንድ 1.6 ሜትር ያህል ይሆናል። ዲያሜትሩ ወደ 10 ሚሊ ሜትር ቢጠብ ስፋቱ ሩብ ይሆናል (ብዙዎች ግማሽ ይመስላቸዋል)፤ ፍሰቱ ያው ከሆነ ፍጥነቱ አራት እጥፍ ያድጋል። በቤት ቧንቧ ግን ያው አይሆንም፤ ጠባቡ አፍ ግፊት ስለሚበላ ፍሰቱ ይቀንሳል። ሮቶ ሲሞሉ ይንቀሉት።