የመምህር ዐደራ

በጫጫ ሜዳ ብርዱ ጽኑ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄድ መንገደኛ ወደ ጫጫ ሲቀርብ ነፋሱ ልብሱን ይገልጥበታል፤ በግራና በቀኝም የገብስ ማሳና የበግ መንጋ ይታየዋል። በዚህ ደጋ እንጨት ጥቂት ስለ ሆነ ሕዝቡ ኩበት እያነደደ ኖሯል። እንደዚህ ባለ እሳት ዳር ደበሎ የለበሱ ልጆች ከመምህራቸው እግር ሥር ተቀምጠው ፊደል ቈጥረዋል፥ ዳዊት ደግመዋል፤ የበረቱትም ቅኔ ለመማር ከደብር ወደ ደብር ዞረዋል። መጽሐፍ በብራና ላይ በእጅ ይጻፍ በነበረበት ዘመን ለአንድ ጉባኤ አንድ መጽሐፍ ከተገኘ እንደ ትልቅ ሀብት ይቈጠር ነበር። ትምህርቱ በመምህሩ ልብ ተጽፎ በመምህሩ አፍ ይነገር ነበርና፥ መምህሩ ባረፈ ጊዜ ከእርሱ ያልተቀዳው ሁሉ አብሮት ወደ መቃብር ይወርድ ነበር።

ይህን ያወቀ ተማሪ ከመምህሩ አጠገብ ብዙ ዓመት ይቀመጣል። ውሃ ይቀዳል፥ እንጨት ይለቅማል፥ ቁራሽ ለምኖ ይመለሳል፤ ማታም የተነገረውን ይቀጽላል። መምህሩም ቃል ነጋሪ ብቻ አይሆንለትም፤ የነፍስ አባት፥ ሲያጠፋ ገሣጭ፥ ሲታመም አስታማሚ ይሆንለታል። እንግዲህ ከእንደዚህ ያለ አባት የሚገኘው ነገር ምንድር ነው? ብዙ ሰው ዕውቀት ነው ብሎ ይመልሳል። መልሱ ሐሰት አይደለም፥ ነገር ግን ጐደሎ ነው። ዕውቀትን ተቀብሎ የሚሄድ ተማሪ ብዙ ነው፤ መምህሩ ሳይፈጽመው የቀረውን ሥራ ተቀብሎ የሚሸከም ግን ጥቂት ነው።

ጫጫ ባለችበት በሸዋ ምድር የተወለዱት አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ከነዚህ ጥቂቶች አንዱ ነበሩ። ወደ ኢየሩሳሌም ወርደው በዚያ ከመምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ዘንድ ተማሩ። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የአገራቸውን ትምህርት ጠንቅቀው ያወቁ፥ ባሕር ተሻግረውም ከውጭ አገር ሊቃውንት ጋራ የሠሩ ሰው ነበሩ። ኢጣልያዊው ሊቅ ኢግናጽዮ ጉዊዲ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1901 ዓመት በሮማ ባሳተመው ያማርኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ የእርሳቸው ርዳታ አለበት። ነገር ግን ያ መዝገብ ያማርኛውን ቃል በኢጣልያንኛ የሚፈታ ነበርና፥ ለጫጫ ልጅ ምንም ያህል አይጠቅመውም ነበር። መምህሩ ሌላ ሥራ ጀምረው ነበር፤ እርሱም ግእዝን ከሰዋስውና ከግሱ ጋራ ለአገሩ ተማሪ በሚገባው ቋንቋ የሚገልጥ መጽሐፍ ነው። ሳይፈጽሙት ግን አረፉ፤ ጅምሩም በደቀ መዝሙራቸው እጅ ቀረ።

በዚህ ስፍራ ጥቂት ቆሞ ማሰብ ይገባል። ሊቅ የሆነ ሰው የራሱን መጽሐፍ ጀምሮ የራሱን ስም ቢያስጠራ ማን ይወቅሰዋል? የሞተ መምህር ከመቃብር ተነሥቶ ሥራዬ ከምን ደረሰ ብሎ አይጠይቅም። ያገሩ ሰው ገንዘቡን ወይም ልጁን ለሌላ ሲያስጠብቅ «ዐደራ ጥብቅ፥ ሰማይ ሩቅ» ይላል፤ ምስክር በሌለበት የሚጠበቅ ዐደራ ከሁሉ ይከብዳልና።

በመጽሐፈ ነገሥት የኤልያስንና የኤልሳዕን ታሪክ የሚያነብ ሰው መጐናጸፊያውን አይረሳም። ይሁን እንጂ ብዙ አንባቢ ሳያስተውለው የሚያልፈው ነገር አለ። እግዚአብሔር ኤልያስን በኮሬብ ሦስት ሰዎች እንዲቀባ አዘዘው፤ አዛሄልን በሶርያ ላይ፥ ኢዩን በእስራኤል ላይ፥ ኤልሳዕንም በእርሱ ፋንታ ነቢይ ይሆን ዘንድ። ኤልያስ ግን ከሦስቱ የጠራው ኤልሳዕን ብቻ ነው። ለአዛሄል ንግሥናውን የነገረው፥ ኢዩንም ይቀባ ዘንድ ከነቢያት ልጆች አንዱን የላከው ኤልሳዕ ነበር። ስለዚህ ደቀ መዝሙሩ ከመምህሩ ልብስ ጋራ የመምህሩን ያልተፈጸመ ትእዛዝ ወረሰ። ልብሱን ለመውረስ የሚሽቀዳደም ሰው አይጠፋም፤ ትእዛዙን የሚያስታውስ ግን ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል።

አለቃ ኪዳነ ወልድ ትእዛዙን አስታወሱ። ሥራውም ቀላል አልነበረም። ለምሳሌ አንድ ቃል ብቻ እንመልከት። መሀረ በሃሌታው ሀ ሲጻፍ አስተማረ ማለት ነው፤ መምህር የሚለው ስም ከዚህ ይወጣል። መሐረ በሐመሩ ሐ ሲጻፍ ግን ይቅር አለ፥ ራራ ማለት ነው፤ ምሕረት የሚለው ከዚህ ይወጣል። እንዲሁም ሠረቀ በንጉሡ ሠ ፀሓይ ሲወጣ ይነገራል፤ ሰረቀ በእሳቱ ሰ የሌባ ሥራ ነው። ዛሬ በአፍ ሲነገሩ ልዩነታቸው አይሰማም፤ የሚጠብቀው ፊደሉ ብቻ ነው። ጸሓፊ ሁሉ እንደ ወደደ ቢጽፍ ፀሓይና ሌባ ይቀላቀላሉ። ይህን ለመለየት የቅኔ ቤቱ ግስ ብቻ ስላልበቃቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ዕብራይስጥን፥ ሱርስትንና ዐረብን ተማሩ፤ የግእዙንም ቃል ከእነዚህ ዘመዶቹ ጋራ እያስተያዩ መዘኑ።

ቃላቱንም የደረደሩት ልጆች በለመዱት በሀለሐመ ሳይሆን በጥንታዊው በአበገደ ነው። ዳዊት የደገመ ልጅ ይህን ተራ ፈጽሞ እንግዳ አይለውም፤ በመዝሙር 118 ላይ አሌፍ፥ ቤት፥ ጋሜል፥ ዳሌጥ እያለ አልፎበታልና። ነገር ግን መዝገብ በችኰላ ለሚገልጥ ሰው ተራው አስቸጋሪ ነው፤ ብዙ አንባቢም አማሮበታል፥ ማማረሩም ያለ ምክንያት አይደለም።

አለቃ ኪዳነ ወልድ ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በድሬ ዳዋ ተቀመጡ። በ1916 ዓ.ም. የትንቢተ ሕዝቅኤል ንባብ ከነትርጓሜው በእርሳቸው አዘጋጅነት ታተመ። መዝገቡ ግን ገና በእጅ ጽሕፈት ነበረ። ከዚህ በኋላ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የጠላት ወረራ ሆነ፤ በዚያ ዘመን ስንት መጽሐፍ እንደ ተቃጠለና እንደ ተዘረፈ የሚያስብ ሰው፥ ወረቀት ምን ያህል ደካማ ነገር እንደ ሆነ ያውቃል። ወረራው አለፈ፤ አለቃ ኪዳነ ወልድም በ1936 ዓ.ም. አረፉ፤ መጽሐፉን ታትሞ አላዩትም።

ስለዚህ ዐደራው ሁለተኛ ጊዜ ከመቃብር አፋፍ ደረሰ። ሐዋርያው ጳውሎስ በሁለተኛው መልእክቱ ጢሞቴዎስን ሲያዝ፥ ከእርሱ የሰማውን ሌሎችን ለማስተማር ለሚችሉ ለታመኑ ሰዎች እንዲሰጥ ነግሮታል፤ አንድ ታማኝ ሰው ብቻ አይበቃምና። አለቃ ኪዳነ ወልድም ዕድሜያቸውን ሁሉ በመጽሐፍ ላይ ቢያጠፉ ሰው ማፍራትን አልዘነጉም ነበር። ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ፥ እርሱም የሸዋ ሰው፥ የመምህሩን ጽሕፈት አሰናድቶ፥ አርሞ፥ መምህሩ ባረፉ በ12 ዓመት፥ በ1948 ዓ.ም. አሳተመው። ስሙ መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ ነው፤ ገጹም ከ900 ይበልጣል። ሰዋስው በግእዝ መሰላል ማለት ነው፤ የዚህን መሰላል የታችኛውን ርከን አንዱ ሰው ሠራው፥ የመካከሉን ሌላው፥ ወደ ማተሚያ ቤትም ያወጣው ሦስተኛው ነው።

አለቃ ደስታ ከዚያ በኋላ ወደ ራሱ ሥራ ተመለሰ። በ1962 ዓ.ም. ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት የተባለውን ታላቅ መጽሐፍ አሳተመ። በዚያን ጊዜ አማርኛ የሚያነብ ሰው ሁሉ ሀለሐመን ለምዶ ነበር፤ ተራውን ቢለውጠው ገዢም አንባቢም ባመሰገነው ነበር። ሆኖም መጽሐፉን ዛሬ የሚገልጥ ልጅ በመጀመሪያው ምዕራፍ ሀን ፈልጎ አያገኘውም፤ የሚያገኘው አን ነው፥ ቀጥሎም በን፥ ቀጥሎም ገን።