ዕድርና የምርጫ ሣጥን

በከተማ የሚኖር ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሁለት ማኅበሮች አባል ነው። አንደኛው በመታወቂያ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ወረዳና ክፍለ ከተማ ነው፤ ሁለተኛው በየወሩ መዋጮ የሚከፍልበት፣ ስሙ ሲጠራ «አቤት» የሚልበት ዕድር ነው። የመጀመሪያውን የሚያስተዳድሩት ሰዎች ሥልጣናቸውን ከምርጫ ሣጥን እናገኛለን ይላሉ፤ የሁለተኛውን ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ግን አባላቱ በጠቅላላ ጉባኤ ተሰብስበው፣ ፊት ለፊት ተያይተው ይመርጧቸዋል። በዚህ ትምህርት የምንመለከተው የምርጫ ዘመቻ በመጣ ጊዜ እነዚህ ሁለቱ እንዴት እንደሚነካኩ ነው። ለዚህም የአዲስ አበባን የ1997 ዓ.ም. ምርጫ ምሳሌ አድርገን እንወስዳለን፤ በዕድሜ ከፍ ያልን ሁሉ የምናስታውሰው ነውና።

በዚያ ዓመት ግንቦት 7 ቀን የተደረገው ምርጫ ለተወካዮች ምክር ቤት ብቻ አልነበረም፤ 138 መቀመጫ ያለው የከተማው ምክር ቤትም አብሮ ይመረጥ ነበር። ከዚያ በፊት የፓርቲዎቹ ክርክር በራዲዮና በቴሌቪዥን ስለ ተላለፈ፣ ስለ ፖለቲካ ጮክ ብሎ መናገርን ያልለመደ ሕዝብ በየሻይ ቤቱና በየጉልቱ መከራከር ጀመረ። ሚያዝያ 29 ቀን የገዥው ፓርቲ የኢሕአዴግ ደጋፊዎች፣ በማግሥቱ ሚያዝያ 30 ቀን ደግሞ የተቃዋሚዎች ደጋፊዎች መስቀል አደባባይን ሞሉት። የኢሕአዴግ ምልክት ንብ፣ የቅንጅት ምልክት ደግሞ ሁለት ጣት ነበረ። ሁለት ጣት ለማሳየት ቀለምም ወረቀትም አያስፈልግምና የሰፈር ልጆች አላፊ አግዳሚውን ሁሉ በሁለት ጣት ይቀበሉ ነበር፤ እንደዚያው የመለሰላቸውን ይወዳሉ፣ ዝም ብሎ ያለፈውን ከኋላው ስም ያወጡለታል። ያን ጊዜ በልጆቹ ብልጠት ብዙዎቻችን ስቀናል። ሰላምታ የወገን መለያ ሲሆን መሳቅ እንደማይገባን የተረዳነው በኋላ ነው።

ውጤቱ ሲነገር ከ138ቱ የከተማው ምክር ቤት መቀመጫዎች 137ቱን ቅንጅት አገኘ። በአገር አቀፉ ውጤት ላይ ግን ክርክር ተነሣ፤ ክርክሩም ወደ ደም ተለወጠ። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. በተፈጠረው ሁከት 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን ጉዳዩን እንዲያጣራ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን ገለጸ። የቅንጅት መሪዎች ታሠሩ፤ የተመረጠው ምክር ቤት ሥራውን ሳይጀምር ቀረ፤ ከተማዋም በ2000 ዓ.ም. ሌላ ምርጫ እስኪደረግ ድረስ በባለ አደራ አስተዳደር ተመራች። የዚያን ጊዜ የፖለቲካ ክርክር ለመዳኘት አልተነሣንም። የምንጠይቀው ከዚህ ያነሰ የሚመስል ነገር ነው፤ በየመንደሩ የቀሩት ጎረቤታሞች በማግሥቱ እንዴት አብረው ዋሉ?

በምናውቀው አንድ ሰፈር ሁለት አበልጆች ነበሩ። አንደኛው በቀበሌ ጽሕፈት ቤት ይሠራል፤ በዘመቻውም ለገዥው ፓርቲ ይቀሰቅስ ነበር። ሁለተኛው ጡረታ የወጡ መምህርና የዕድሩ ጸሐፊ ሲሆኑ ቅንጅትን መደገፋቸውን አይሸሽጉም። በክርክሩ ሰሞን በቀልድ ይጎነታተሉ ነበር፤ ሚያዝያ ሲያልቅ ቀልዱ ቀረ፤ ሰኔ ሲገባ ሰላምታውም ቀረ። በጥቅምት የመምህሩ ልጅ ከብዙ ወጣቶች ጋር ታፍሶ ተወሰደና ሳምንታት ቆይቶ ተለቀቀ። መምህሩም የልጃቸውን ስም ያስያዘው አበልጃቸው እንደ ሆነ በልባቸው ቆረጡ። ማስረጃ አልነበራቸውም፤ የሰፈሩ ሰው ግን ወሬውን ተቀብሎ አደረሰው።

ጥቂት ወራት እንዳለፉ የቀበሌው ሠራተኛ እናት አረፉ። ጎሕ ሲቀድ ጡሩምባ ተነፋ። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ድንኳን የሚተክል ይተክላል፣ ቀብር የቀረ ይቀጣል፣ ጸሐፊው ስም ይጠራል፣ የዕድሩንም ገንዘብ ለኀዘንተኛው ቈጥሮ ያስረክባል። መምህሩ መጡ። ከሌሎቹ ጋር የድንኳኑን ካስማ መቱ፤ መዝገቡን ከፍተው ስም ጠሩ፤ ገንዘቡን አስረክበው አስፈረሙና «እግዚአብሔር ያጥናህ» ብለው ወደ አግዳሚው ተመለሱ። ከዚህ በላይ ቃል አልወጣቸውም። አንዳንዶች «ቅጣቱን ፈርተው ነው» ብለው አንሾካሾኩ። የዕድሩ ዳኛ ይህን ሲሰሙ «ደንቡ አመጣቸው እንበል፤ መጥተዋል» አሉ። እስከምናውቀው ድረስ የሁለቱ አበልጅነት እንደ ቀድሞው አልሆነም። ነገር ግን የዚያ ቤት ሬሳ በጎረቤት ትከሻ ወጣ፤ ድንኳኑም ለሁለት አልተከፈለም።

የዳኛው ቃል ብዙ ያስተምራል ብለን እናምናለን። በመካከላችን ፍቅር ሲኖር ደንብ የሚያስፈልግ አይመስለንም፤ ፍቅር የቀዘቀዘ ዕለት ግን ሰውን ወደ ባልንጀራው ደጅ የሚያደርሰው አስቀድሞ፣ በደኅናው ቀን የተጻፈ ደንብ ነው። ስለዚህ «በምርጫ ጊዜ እንዋደድ» ብሎ መምከር ብቻውን አይበቃም። ጎረቤትን ከጎረቤት የሚያገናኘው ማኅበር ራሱ በዘመቻው እንዳይወሰድ መጠበቅ አለበት።

ይህ ሐሳብ በቤተ ክርስቲያን ማኅበራዊ ትምህርት ውስጥ ሥር ያለው ነው። ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 11ኛ እ.ኤ.አ. በ1931 ባስተላለፉት መልእክት ታናናሾቹ ማኅበሮች በራሳቸው ሊፈጽሙት የሚችሉትን ሥራ ታላቁ ማኅበር ቢወስድባቸው ፍትሕን እንደሚያጓድል አስተምረዋል። የእኛም ከተማ ይህን በኑሮዋ አይታዋለች። ከአብዮቱ በፊት አንዳንድ የአዲስ አበባ ዕድሮች ከቀብር አልፈው ለሰፈራቸው ልማት ገንዘብ ያዋጡና ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር ይተባበሩ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው ዐዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን፣ ማለትም ቀበሌዎችን ሲያቋቁም፣ የሰፈሩ ጉዳይ ሁሉ ወደ ቀበሌ ሄደና ዕድር ወደ ቀብር ተመለሰ። ቀብር ብቻ ስለ ቀረለት ግን አልሞተም። ምናልባትም ከዚያ ዘመን በሕይወት የወጣው ማንም ሥልጣን ፈላጊ የማይመኘውን ሥራ ስለ ያዘ ይሆናል። ዛሬ ብዙዎቹ ዕድሮች ወላጅ አልባ ሕፃናትንና ችግረኞችን ወደ መርዳት ሰፍተዋል፤ ይህም መልካም ነው፤ ነገር ግን በሰፉ መጠን የፓርቲዎችም ዐይን በላያቸው ላይ ይበዛል። ስብሰባ አላቸው፤ የስም ዝርዝር አላቸው፤ ሕዝቡም ያምናቸዋል። ለቅስቀሳ ከዚህ የበለጠ ምን ይፈለጋል?

ወደ መምህሩ እንመለስ። ልጃቸው መታሠሩ እውነት ነው፤ አበልጃቸው አስያዘው ማለት ግን ያልተረጋገጠ ነገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 የታወጀው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ የባልንጀራን ክብር የሚነኩ ሦስት ጥፋቶችን ለይቶ ያሳያል። በቂ ምክንያት ሳይኖር የሰውን ጥፋት በልብ እውነት አድርጎ መቀበል አንድ ነው። እውነተኛውን ጥፋት ያለ ተገቢ ምክንያት ለማያውቁት መግለጥ ሁለተኛው ነው። ሐሰት ተናግሮ የሰውን ስም ማጥፋትና ሌሎች በእርሱ ላይ በሐሰት እንዲፈርዱ ማድረግ ሦስተኛው ነው። በምርጫ ጊዜ ሁላችንም የምንጸየፈው ሦስተኛውን ነው፤ ተወዳዳሪው ሲዋሽ እንቈጣለን። የሰፈርን ኑሮ በይበልጥ የሚያፈርሰው ግን የመጀመሪያው ይመስለናል፤ ምክንያቱም በዝምታ ስለሚሠራ ማንም ሊያስተባብለው አይችልም። የተጠረጠረው ሰው ስለ ምን እንደ ተጠላ እንኳ ሳያውቅ ዓመታት ያልፋሉ። ዛሬ ወሬው በእጅ ስልክ ስለሚሄድ ከጡሩምባው ቀድሞ በየቤቱ ይደርሳል፤ ጥፋቱ ግን ያው የጥንቱ ነው።

ይህን የሰሙ አንዳንድ ምእመናን «እንግዲያውስ ከምርጫ መራቅ ይሻላል፤ ፖለቲካና ኤሌክትሪክ በሩቁ» ይሉናል። አይደለም። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጣው ስለ ቤተ ክርስቲያን በዛሬው ዓለም በሚናገረው ሰነድ ዜጎች ለጋራ ጥቅም ድምፅ የመስጠት መብታቸውንና ግዴታቸውን እንዲያስታውሱ ያሳስባል፤ የሕዝብን አገልግሎት ሸክም የሚቀበሉትንም ያመሰግናል። ለካህናት ሕገ ቀኖና የተለየ ወሰን አለው፤ የመንግሥት ሥልጣን እንዳይዙ፣ በፓርቲዎችም ውስጥ ንቁ ተሳትፎ እንዳያደርጉ ይከለክላቸዋል። ይህም ቆሞሱ ለሁሉም አባት ሆኖ እንዲቆይ ነው። ምእመኑ ግን ቆሞሱ ዝም ስላለ እርሱም ዝም ማለት አለበት ማለት አይደለም። የከተማ ምክር ቤት የሚነጋገረው ስለ ውኃ፣ ስለ መንገድ፣ ስለ ቈሻሻ፣ ስለ ቦታና ስለ ቤት ነው፤ እነዚህም በየጓዳችን የሚገቡ ነገሮች ናቸው። ተወዳዳሪን «የማን ወገን ነህ?» ከማለት ይልቅ «የእኛ ሰፈር ቢፈርስ የቀበሌ ቤት ተከራዮች ወዴት ይሄዳሉ?» ብሎ መጠየቅ የክርስቲያን ተግባር ነው።

የቀበሌ ቤት ተከራዮችን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በትንሽ ኪራይ የምትኖር አንዲት መበለት መታወቂያዋን የምታሳድሰው፣ የድጋፍ ደብዳቤ የምትጠይቀው፣ ጣሪያዋ ሲያፈስ አቤት የምትለው በአንድ ጽሕፈት ቤት ነው። በዘመቻ ጊዜ ከዚያ ጽሕፈት ቤት የመጣ ሰው «ማንን ትመርጫለሽ?» ሲላት ጥያቄው ለእርሷ ተራ ጥያቄ አይደለም። በሌላ በኩል የሰፈሩ ጎረምሶች በአጥሯ ላይ ወረቀት ለጥፈው «ከእኛ ጋር ነሽ ወይስ ከእነርሱ?» ሲሏት ያው ፍርሃት ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 ምርጫ በምስጢር በሚሰጥ ድምፅ እንደሚፈጸም ይደነግጋል። ስለዚህ «ይህ የእኔና የሣጥኑ ነው» ብላ መመለስ ትችላለች፤ መዋሸትም አያስፈልጋትም። ይህን ለእርሷ ማስረዳት፣ ሲጠይቋትም አጠገቧ መቆም ከጎረቤት የሚጠበቅ ምሕረት ነው። ማንበብ የማይችሉ ሰዎች ምልክቱን ለይተው የጣት አሻራቸውን እንዴት እንደሚያኖሩ በቁምስና አዳራሽ ማስተማርም ይቻላል፤ አስተማሪው የትኛውን ምልክት እንደሚወድ እስካላሳየ ድረስ።

በየዕድሩ አባል የሆናችሁ ምእመናን በደንባችሁ ውስጥ ሊገቡ ስለሚገባቸው ጥቂት ነገሮች እንድትወያዩ እንጠይቃለን። ድንኳኑ፣ አግዳሚውና ድስቱ ለየትኛውም ፓርቲ ስብሰባ እንዳይወጡ፤ በቀብርና በኀዘን ቤት የፓርቲ ንግግር እንዳይደረግ፤ ተወዳዳሪ የሚሰጠው ገንዘብ በዘመቻው ወራት እንዳይገባ ይጻፍ። ዳኛው ወይም ጸሐፊው ራሱ ለምክር ቤት ቢወዳደር ምን ይደረግ? መብቱ ነው፤ ግን እስከ ምርጫው ፍጻሜ መዝገቡንና ማኅተሙን ለሌላ አስረክቦ ቢቆይ ለእርሱም ለዕድሩም ይቀላል። ሁሉንም ተወዳዳሪዎች በእኩል ጋብዞ ማነጋገርን በተመለከተ በመካከላችን አሳብ ተለያይቷል፤ አንዳንዶቻችን ጥሩ ትምህርት ነው እንላለን፣ ሌሎቻችን ደግሞ አንዱ ቀርቶ ሌላው ብቻ የመጣ ዕለት ዕድሩ ስም ያወጣል ብለን እንፈራለን። የአባላቱን የስም ዝርዝር ግን ለማንም አለመስጠት ላይ ሁላችንም ተስማምተናል። ይህ ሁሉ ተወዳዳሪዎች ከመታወቃቸው በፊት፣ ምርጫ በሌለበት ዓመት በሚደረግ ጠቅላላ ጉባኤ ቢወሰን ይሻላል፤ ዘመቻው ከተጀመረ በኋላ የቀረበ ደንብ ሁሉ በአንዱ ወገን ላይ የተቃጣ ይመስላልና።