«ጎግል አልከፍት አለኝ»

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ኮምፒውተር መማር ከጀመረ ሰው ደጋግሞ የሚሰማ ቅሬታ ነው። በአንዲት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ግን ሦስት ነገሮች ተደበላልቀዋል፤ ኢንተርኔት፣ ብሮውዘር እና ጎግል።

ኢንተርኔት የዓለም ኮምፒውተሮች የሚገናኙበት መስመር ነው። ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት መስመሩ ወደ ውጭ የሚወጣው በጎረቤት አገሮች በኩል ሲሆን፣ ከመውጫዎቹ አንዱ ጅቡቲ ነው፤ የባሕር ሥር ኬብሎች እዚያ ወደብ ላይ ይደርሳሉ። በ1895 ዓ.ም. ባቡር ከጅቡቲ መጥቶላት የተቆረቆረችው ድሬዳዋ ለዚህ አቅጣጫ እንግዳ አይደለችም። መስመሩን ለደንበኛ የሚያደርሰው ለረጅም ጊዜ ኢትዮ ቴሌኮም ብቻ ነበር። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ነሐሴ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. የሙከራ አገልግሎት ሲጀምር አዲስ አበባን ትቶ መጀመሪያ የመጣው ድሬዳዋ ነው። የድሬ ልጅ በዚህ ትንሽ ቢኩራራ አይፈረድበትም።

ብሮውዘር ደግሞ ኮምፒውተሩ ላይ የተጫነ ፕሮግራም ነው፤ ክሮም፣ ፋየርፎክስ፣ ኤጅ፣ ኦፔራ። ሥራው የፈለጉትን ድረ ገጽ ከሩቅ ጠይቆ አምጥቶ ማሳየት ነው። የመጀመሪያውን ብሮውዘር ቲም በርነርስ ሊ በ1990 እ.ኤ.አ. ሰርን በተባለው የአውሮፓ የምርምር ተቋም ሠራው። ጎግል ግን ብሮውዘር ውስጥ የሚከፈት መፈለጊያ ድረ ገጽ ነው።

ስለዚህ «አልከፍት አለኝ» ከማለትዎ በፊት ስክሪኑን ይመልከቱ። ክሮም ራሱ ካልተከፈተ ችግሩ ኮምፒውተሩ ላይ ነው። ክሮም ተከፍቶ «ኢንተርኔት የለም» የሚል ጽሑፍ ካወጣ መስመሩን ይፈትሹ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ የዋይፋይ ምልክቱ ሙሉ ሆኖ ሳለ ኢንተርኔት ላይኖር ይችላል። የምልክቱ መሙላት የሚናገረው ኮምፒውተሩ ከዋይፋይ ሳጥኑ ጋር መገናኘቱን ብቻ ነው፤ ከሳጥኑ ወዲያ ያለው መስመር ከተቋረጠ ወይም ክፍያው ካለቀ ምልክቱ ላያሳይ ይችላል። በስልክ ዳታ የሚጠቀሙ ከሆነ ጥቅልዎ አለማለቁን ይዩ። ለቴሌግራም ብቻ የተገዛ ጥቅል ሌላ ድረ ገጽ አይከፍትም። ሌሎች ገጾች ተከፍተው አንዱ ብቻ እምቢ ካለ ግን ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፤ የ12ኛ ክፍል ውጤት በሚወጣበት ቀን ሁሉም በአንዴ ሲገባ ገጹ ይጨናነቃል። ቆየት ብሎ መሞከር ነው።

ከላይ ያለችው ረጅም ሳጥን የአድራሻ ቦታ ናት። አድራሻውን የሚያውቁ ከሆነ እዚያው ጽፈው «ኢንተር» ይበሉ፤ ጎግል ላይ መፈለግ አያስፈልግም። ውጤት ለማየት ሲገቡ ይህ በተለይ ይጠቅማል፤ የትክክለኛውን ገጽ ስም አስመስለው የሚሠሩ አጭበርባሪዎች አሉና። የአድራሻውን መጨረሻ ያንብቡ፤ የኢትዮጵያ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ገጽ አብዛኛውን ጊዜ በ«ነጥብ ኢቲ» ያልቃል። ሊንኩ በቴሌግራም ስለተላከልዎ ብቻ አይመኑት።

ኢንተርኔት ቤት ገብተው የሚጠቀሙ ከሆነ ብሮውዘሩ «ፓስዎርድዎን ላስቀምጥ?» ሲልዎት እምቢ ይበሉ። ሲጨርሱም መስኮቱን መዝጋት ብቻውን አይበቃም፤ ከኢሜይልዎና ከፌስቡክዎ «ሎግ አውት» ብለው ይውጡ። አለበለዚያ ከእርስዎ በኋላ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ሰው በስምዎ መልእክት ሊልክ ይችላል።