በሚያዝያ የቆሰለ ወታደር

መቱ ውስጥ ስለ ጣሊያን ወረራ ሳስተምር፣ «ጠላትን ከምዕራብ ኢትዮጵያ ማን አስወጣው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ተማሪዎቼ አርበኞችን ይጠራሉ፤ ልክ ናቸው። እንግሊዝን ይጠራሉ፤ ይሄም ልክ ነው። ኮንጎን የሚጠራ ግን እስካሁን አላገኘሁም። ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው።

ቦታው

መጀመሪያ ካርታውን በዓይናችሁ ሳሉ። ከመቱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኘው ጎሬ የኢሉባቦር ዋና ከተማ፣ የራስ ተሰማ ናደው መቀመጫ ነበረች። ንጉሠ ነገሥቱ በ1928 ዓ.ም. ከተሰደዱ በኋላም ጠላት በኅዳር 1929 እስኪገባባት ድረስ የቀረው መንግሥት የተሰባሰበው እዚያው ነው። ከጎሬ በቡሬ በኩል ቁልቁል ሲወረድ ጋምቤላ ይደረሳል። ጋምቤላ ከ1894ቱ ውል በኋላ የእንግሊዝ የንግድ ጣቢያ የነበረባት የባሮ ወደብ ናት። ከጋምቤላ ወደ ሰሜን ሽቅብ ከተወጣ ደግሞ ደምቢ ዶሎ፣ የያኔዋ ሳዮ፣ ትገኛለች። ጋምቤላ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ ደምቢ ዶሎ ከ1,700 ሜትር ታልፋለች። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፤ ወደኋላ እመለስበታለሁ።

የቅኝ ግዛት ወታደር ማን ነው?

የሰው አገር ገዝቶት፣ ለዚያ ገዢ የሚዋጋ ሰው ነው። በ1933 በሁለቱም ወገን ነበረ። ጣሊያን አስካሪ የሚባሉ የቅኝ ግዛት ወታደሮቿን አሰልፋለች። እንግሊዝ ከኬንያና ከአካባቢው የመለመለችውን የንጉሡ አፍሪካ ጠመንጃ የተባለ ጦር አመጣች። ቤልጅየም ራሷ በጀርመን ተይዛ ሳለ ከኮንጎ ፎርስ ፑብሊክ የተባለውን ሠራዊት ላከች። መኮንኖቹ ነጮች ነበሩ፤ ጠመንጃ ተሸክሞ የሚሄደውና የሚወድቀው ግን ኮንጎአዊው ነው።

ሁለት የገበሬ ልጆች

አንዱን በስሙ እናውቀዋለን። የእንግሊዙ ጦር ሳጅን ናይጄል ሊኪ በ1905 ዓ.ም. ኬንያ፣ ኪጋንጆ ተወለደ። ቤተሰቡ «አቅኚ» ከሚባሉት የእንግሊዝ ገበሬዎች አንዱ ነበር። ይህን ቃል ስታነቡ ጠንቀቅ በሉ፤ በኬንያ ደጋ ነጭ ገበሬ «ያቀናው» መሬት ከእሱ በፊት ባለቤት ነበረው። ናይጄል ግንቦት 11 ቀን 1933 ቆሊቶ አጠገብ የጠላት ታንክ ላይ ዘሎ ወጥቶ ተዋጊዎቹን ገደለ፤ ወደ ሌላ ታንክ ሲዘል ተገደለ። በ1938 ከሞተ በኋላ የቪክቶሪያ መስቀል ተሰጠው። አባቱም በ1947 በማው ማው ትግል ጊዜ ተገደለ። ጀግንነቱን አልክድም፤ የመሬቱ ጥያቄ ግን ቤተሰቡን እስከዚያ ድረስ ተከትሎታል።

ለሁለተኛው ስም ልሰጠው አልችልም፤ ሕይወቱ ግን በጅምላ ይታወቃል። የኮንጎ ገበሬ ልጅ ነው። ከ1909 ዓ.ም. ጀምሮ በወጣ ትእዛዝ በመንደሩ ጥጥ በግዴታ ይዘራል። የወረዳው ሹም ለጦር ኮታ ሲጠየቅ፣ ከሚሰጡት ወጣቶች አንዱ እሱ ይሆናል። አገልግሎቱ ሰባት ዓመት ነው። ቋንቋው ምንም ይሁን፣ ሠፈር ውስጥ ሊንጋላ ይማራል። ከዚያ በመኪና፣ በእግርና በናይል ጀልባ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የማያውቀው ተራራ ሥር ይደርሳል። እኔን ከናይጄል ይልቅ የሚይዘኝ እሱ ነው።

ቦርታይ ላይ

አሶሳ መጋቢት 2፣ ጋምቤላ መጋቢት 14 ቀን 1933 በኮንጎዎቹ ተያዙ። ከዚያ ሽቅቡ መጣ። በሚያዝያ ከሳዮ በታች ቦርታይ በተባለ ጅረት አጠገብ ተዋጉ፤ ጠላት ከላይ፣ እነሱ ከታች። ዝናቡ ገባና ከሁለት ወር በላይ እዚያው ተቀመጡ። ስንቅ አጠረ። ወባውና ተቅማጡ ከጥይት ይበልጥ ሰው ፈጀ።

ቁስለኛው እንዴት ወረደ?

አሁን ያዙልኝ ወዳልኳችሁ ከፍታ እንመለስ። በዚያን ጊዜ ባሮ ላይ የእንፋሎት መርከብ የሚመጣው ወንዙ ሲሞላ፣ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ገደማ ነበር። መኪና ጥሩ የሚሄደው በበጋ ነበር። ሚያዝያና ግንቦት ከሁለቱም ውጭ ናቸው፤ መንገዱ ጨቅይቷል፣ ወንዙ ገና አልሞላም። በዚያ ወር ጭኑ ላይ የተመታ ሰው ረጅሙን ቁልቁለት በሰው ትከሻ መውረድ ነበረበት። ከዚያም ወደ ጋምቤላ ሙቀትና ወባ ይገባል። ፔኒሲሊን ለወታደር የሚዳረስበት ጊዜ ገና አልደረሰም። ቁስሉ ካመረቀዘ እግሩ ይቆረጣል፤ ለቀሩትም ዓመታት ገበሬ አባቱ ማረስ የማይችል ልጅ ይቀበላል። የዚያ ጦርነት ዋጋ ለእኔ እዚህ ላይ ነው የሚታየው።

ሰኔ 26

የቤልጅየሙ ጄኔራል ጊሊያርት መጥቶ ሰኔ 26 ቀን 1933 ማጥቃት ሲጀመር፣ የጣሊያኑ ጄኔራል ጋዜራ የተኩስ አቁም ጠየቀ። የጣሊያኑ ገዢ የአኦስታው መስፍን አምባ አላጌ ላይ እጅ ከሰጠ ወዲህ የጣሊያን የበላይ አዛዥ እሱ ነበር። ከሌሎች ጄኔራሎችና ከብዙ ሺህ ወታደሮች ጋር ተማረከ።

ስሙ የት ቀረ?

የናይጄል ሊኪ ስም ናይሮቢ በሚገኘው የምሥራቅ አፍሪካ መታሰቢያ ላይ ተቀርጿል። የኮንጎዎቹን ግን በሰው ስም ሳይሆን በእኛ ከተሞች ስም ታገኙታላችሁ። ቡካቩ ውስጥ ሳዮ የሚባል የጦር ካምፕ አለ። ኪንሻሳ ውስጥ አሶሳ የሚባል ጎዳና አለ። ጋምቤላ የሚባል ገበያም አለ፤ ዛሬም ሴቶች ካሳቫና ዓሣ ይሸጡበታል።